ጀልባዋ ላይ ያልቆመው

«ተቀምጦ ሞተ ነው የሚሉት» አለች የወንድሜ ሚስት። «ቆሞ ጸልዮ ቢሆን ይተርፍ ነበር ይሉኛል። ትናንት ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ እኔ መኖሬን እያዩ ነው ያወሩት። አንተ ጀልባዋ ላይ አብረኸው ነበርክ። አንዲት ቃል ብትናገር ምን ትሆናለህ?»

«ነፋስ ነው ብያለሁ» አልኳት። «ከዚህ ሌላ ምን ልበል?»

«ነፋሱንማ ማን ያላወቀው አለ። ነፋሱ ስድስታችሁን ትቶ እሱን ለይቶ አልወሰደም። እኔ የምጠይቅህ ስለ መቆሙ ነው። ለምን አልቆመም?»

አባቴ ቤት ውስጥ ነበርን። ቤቱ እስቴና ሲማዳ በሚገናኙበት፣ የአባይ ገደል አፋፍ ላይ ነው። አባቴ የደብራችን ቄስ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ እሑድ የወንድሜ ሙት ዓመት ይወጣል። እኔ ለዚሁ ብዬ ከመካነ ኢየሱስ፣ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ ግማሹን በአውቶቡስ ግማሹን በእግሬ መጥቻለሁ። እሷ ሴት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ የተዝካሩን ምስር ስትለቅም ቆየችና በድንገት ሰፌዱን አስቀምጣ ጀመረችኝ። የምትፈልገው ግልጽ ነው። እሑድ ሰው በልቶ ሲጨርስ፣ ገና ሳይበተን፣ ተነስቼ ያን ቀን ውሃው ላይ የሆነውን ለሁሉም እንድናገር ነው። ልጅቷ የተወለደችው አባቷ ከሞተ በኋላ ነው። «ነገ ይህችንም አባትሽ ጸሎት የናቀ ነው ይሏታል» አለችኝ፣ በእጇ ወደ ኋላዋ እየደገፈቻት።

ሰፌዱን ወደ እኔ ስቤ ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። ዝም ማለት በዚያ ዓመት በደንብ የለመድኩት ነገር ነበር።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ገና ወጣት ሳለ ባሕር ዳር ወርዶ ጣና ላይ አራት ዓመት በጀልባ ሠራ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ፣ መዳፉ ደድሮ ነበር። እኛ ጋ ከዚያ በፊት አባይን ወደ ጎጃም የሚሻገር ሰው የተነፋ ስልቻ አቅፎ፣ ዋናተኛ እየጎተተው ነበር የሚሻገረው። እሱ የዋንዛ ጣውላ አስፈልጦ፣ በሁለቱም ጎን ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ አስሮ፣ መሃሏ ላይ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክሎ ትንሽ ጀልባ ሠራ። ምሰሶው ላይ ለድንኳን የሚሆን ሸራ ሰቀለ። ይህንን ከጣና ሰዎች አይቶ ግማሹን ከራሱ ጨምሮበት ነው።

ገደሉን ወርዶ ያየ ሰው ሁሉ ሳቀበት። ከሁሉ የባሰው የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበር። «በጀሪካን አረቄ ሲጫን አይቻለሁ፣ ሰው ሲጫን ግን ገና ዛሬ ነው» አለው። ወንድሜም ቋጠሮውን እያጠበቀ ቀና ሳይል፣ «አንተን ከምጭን አረቄውን ብጭን ይሻለኝ ነበር፣ እሱ ቢያንስ አያወራም» አለው። መጀመሪያ የተሻገረው ሰው ግን ራሱ ጥሩምባ ነፊው ነው። ማዶ ደርሶ ሲወርድ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ነበር አሉ፤ እሱ ግን ስለ ብርዱ ነው ያወራው።

የመሻገሪያችን ቦታ በሁለት ጠባብ ገደሎች መሃል ነው። እዚያ ወንዙ ይሰፋና ይረጋል፤ ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲወርድ ሐይቅ ይመስላል። ጠዋት ጠዋት የገደሉ ጥላ ሳይቀር ይታይበታል። ከቀትር በኋላ ግን ከቆላው ሙቅ ነፋስ ተነስቶ ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይመጣል። ውሃው ቁልቁል፣ ነፋሱ ሽቅብ። ሁለቱ የሚገናኙት እኛ መሻገሪያ ላይ ነው፤ ሲገናኙም ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ወንድሜ የጣና ሞገድ አንስቶ ያስቀምጥሃል፣ ይኸኛው በጥፊ ነው የሚልህ ይል ነበር። ያው ነፋስ ግን ጀልባዋን ውሃው ይዟት እንዳይወርድ ወደ ላይ የሚገፋት፣ እንጀራችን የተጋገረበት ነፋስ ነው።

ሸራውን እንዴት እንደሚይዙት ያስተማረኝ በኅዳር ነው። ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ ስላልመጣልኝ፣ ንፋስ መውጫ ሄጄ ሦስት ወር አንድ ሱቅ ቆሜ፣ እሱንም ትቼ ተመልሼ ነበር። አንድ ቦታ መርጋት አልችልም። ገመዱን እጄ ላይ ሲሰጠኝ ግን ረጋሁ። ገመዱን በጭራሽ እንዳላስረው፣ እጄም ላይ እንዳልጠመጥመው ነገረኝ፤ ነፋሱ ከጠየቀኝ ልለቅለት የምችል ሆኜ መያዝ አለብኝ። ከሩቅ ውሃው ሲጠቁርና ሲኮማተር ባየሁ ጊዜ ነፋሱ እየመጣ ነው፤ ሳይደርስብኝ ገመዱን ላላ፣ ሲያልፍ መልሼ ሳብ ማድረግ። እሱ ደግሞ ኋላ ተቀምጦ በረጅሙ መቅዘፊያ ይመራታል፣ ሞገዱ ጎኗን እንዳያገኘው አፍንጫዋን አጋደል አድርጎ ይሰጠዋል።

የመጨረሻው ሕግ ስለ ሰው ነው። ሁሉም ወለሉ ላይ ይቀመጣል። «የቆመ ሰው ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ ደግሞ አንድ ይበቃናል» ይል ነበር።

ገመዱ መዳፌ ላይ ሲነዝር የሚሰማኝን ነገር ከዚያ በኋላ በተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ ልጽፈው ሞክሬያለሁ። አንዱም ስንኝ አልሆነም። ሸራው ሲሞላ ጀልባዋ ትጋደልና ጀሪካኖቹ ከሥር ይንቋቋሉ፣ ውሃው ከጎን ይቀደዳል፣ ወንድሜም ኋላ ሆኖ ያለምንም ምክንያት ይስቃል። ደስታ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ቢመጣ ሌላ የምነግረው የለኝም።

ያ ቀን ቅዳሜ ነው፣ የጥር መጨረሻ ገደማ። አባቴና አራት የደብራችን ሰዎች፣ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ሽማግሌና ያ ጥሩምባ ነፊ፣ ጎጃም ማዶ የዘመድ ለቅሶ ደርሰው ይመለሱ ነበር። ጠዋት አሻግረናቸው እዚያው ማዶ ስንጠብቃቸው ነበር። ሊመለሱ ዳር የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ከመቼውም በበረታበት ሰዓት ነው። የመሃሉ ውሃ ነጭ አረፋ አውጥቶ ነበር። ወንድሜ ዳሩ ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አየው።

«አባባ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይወድቃል። ትንሽ እንቆይ» አለ።

አባቴ በዚያ ሳምንት ሰሞነኛ ነበር፣ በማግሥቱ የሚቀድሰው እሱ ነው። ገደሉን ለመውጣት ደግሞ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በጨለማ ገደል ልወጣ ነው ወይ፣ ወይስ ታቦቱን ያለ ቅዳሴ ላሳድረው ነው ሲል ጠየቀው። በቁጣ አልነበረም። አባቴ ተቆጥቶ አያውቅም፤ ጠይቆ ነው የሚያሸንፈው። ወንድሜ ደግሞ ፊት ለፊት እምቢ ብሎት አያውቅም። ውሃውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሸራውን አውርዶ ከግማሽ በታች አጥፎ አሰረው። ነፋሱ የሚይዘው ትንሽ እንዲሆን ነው። እያንዳንዱን ሰው እጁን ይዞ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አባቴን መሃል፣ ምሰሶው ሥር፣ ውሃ በማይረጭበት አደረገው። ምንም ቢመጣ ማንም እንዳይነሳ ለሁሉም ነገራቸው።

«ገመዱ ያንተ ነው» አለኝ።

እስከ መሃሉ ድረስ ያለውን አሁንም እጄ ያስታውሰዋል። ሞገዱ አፍንጫዋን እየመታ ፊታችን ላይ ይበተናል። ውሃው በጠቆረ ቁጥር እለቃለሁ፣ ሲያልፍ እስባለሁ። ወለሉ ላይ የገባው ውሃ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። አንደኛዋ ሴት እመቤቴን እየጠራች ታለቅሳለች፤ ሽማግሌው ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎ ተሸፍኗል፤ ጥሩምባ ነፊው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጥቷል። መሃሉን አለፍን። የእኛ ዳር፣ ልብስ የሚታጠብበት ድንጋይ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። ወደ ኋላ ዞር ስል ወንድሜ ከአገጩ ውሃ እየተንጠባጠበ ጥርሱን አሳየኝ። «ይኸው ነው፣ ከዚህ አይብስም» አለኝ።

ይህንን ነው ለማንም ያልተናገርኩት። ደህና ነበርን። ርሰናል፣ ፈርተናል፣ ግን እየደረስን ነበር።

አባቴ ሴቲቱ ስታለቅስ ሰማና ሊያጽናናት ፈለገ። እጁን ምሰሶው ላይ አድርጎ ተነሳ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አለ፤ ከዚያም አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረ።

እኛ አገር ቄስ ይህን ሲጀምር ተቀምጦ የሚቀር ሰው የለም። በሰርግም በማኅበርም በለቅሶም፣ ብርሌ የያዘ ያስቀምጣል፣ የታመመ ግድግዳ ተደግፎ ይነሳል፣ የምታጠባ ሴት ልጇን ከጡቷ ሳታላቅቅ ትቆማለች። ሰው አስቦ የሚያደርገው አይደለም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ጉልበታችን ራሱ ያውቀዋል። ሁለቱ ሴቶች ቆሙ። ሽማግሌው ጋቢውን ከራሱ አውርዶ ቆመ። ጥሩምባ ነፊው ቆመ።

እኔም ቆምኩ።

ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ «ይትቀደስ ስምከ» ሳይባል ነው ያለቀው። የማስታውሰው ቆሜ መገኘቴን፣ ስነሳም ገመዱን አብሬ ወደ ላይ መሳቤን ነው። ሸራው ሞላ። ከኋላዬ ወንድሜ ይጮሃል፤ በቁጣም አይደለም፣ ለአባት በሚነገርበት አነጋገር፣ «ተቀመጡ አባባ፣ ተቀመጡ» ይላል። ጀልባዋ ስድስት ምሰሶ ጨምራ ስለነበር ቀስ ብላ፣ ልክ እንደሚያስብ ሰው ቀስ ብላ ተጋደለችና ተገለበጠች።

ቆመን የነበርን ሁላችን ተወርውረን ራቅን። ጀሪካኖቹ ተበጥሰው ዙሪያችን ተንሳፈፉ፣ ያገኘነውን ያዝን። እኔ አባቴን በቀሚሱ ጎትቼ አንድ ጀሪካን አስያዝኩት። ወንድሜ ግን ኋላ ዝቅ ብሎ፣ መቅዘፊያውን በብብቱ ይዞ ተቀምጦ ስለነበር ምሰሶውና ሸራው የወደቁት እሱ ላይ ነው። እርጥብ ሸራ ውሃ ውስጥ ከባድ ነው። ሁለቴ ጠለቅሁ። በሁለተኛው እግሩን ነካሁት፤ ገመዱ ዙሪያው ነበር። በሦስተኛው አላገኘሁትም።

ስለዚህ ወፍጮ ቤት የሚያወሩት ውሸት አይደለም። የቆምነው ተረፍን፣ የተቀመጠው ሞተ። በሦስተኛው ቀን ቁልቁል ካለው መታጠፊያ ድንጋይ ይዞት ተገኘ።

ከቀብሩ በኋላ ወሬውን ያዞረው ጥሩምባ ነፊው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ መዳኑን እንዴት እንደሚያወራው ብቻ ነው የጨነቀው። የአባታችን ጸሎት እንደ እጅ አንስቶ ከጀልባዋ አወጣን እያለ በየገበያው አወራ። ሰሚው ደግሞ ያልዳነው ምን አድርጎ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ እዚያው ነበር። አልተነሳም።

አባቴ በቀብሩ ማታ ለብቻችን ስንሆን ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ገመዱን ቶሎ አልለቀቅኩም» አልኩት። እጁን ራሴ ላይ ጭኖ፣ እያለቀሰ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ አለኝ። ፈታኝ። እኔም ተቀበልኩ።

እንደዚያ ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው ስል ኖሬያለሁ፣ እውነትነትም አለው። እናቴ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቄስ ሚስቱ ከሞተች ወይ ክህነቱን ትቶ ያገባል፣ ወይ ብቻውን ሆኖ ያገለግላል። አክስቶቼ ሴት ፈልገውለት ነበር። እሱ ቤተ ክርስቲያኔ ይበቃኛል ብሎ አሥራ ሁለት ዓመት ብርድ የገባበት አልጋ ላይ ተኛ። ሳያውቅ እንኳ በእጁ ሰው የሞተበት ቄስ መቅደስ እንደማይገባ ደግሞ ያስተማረኝ እሱው ነው። አንድ የጎረቤት ደብር ቄስ የቆረጡት ዛፍ ሰው ላይ ወድቆባቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸውን ከመቅደስ አገለሉ፤ አባቴ ስማቸውን ሲጠራ ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ እውነቱን ብናገር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ግማሹ ግን ለራሴ ነው። ለአባቴ ሰዎቹ ቆሙ ብል፣ አንተስ ማለቱ አይቀርም ነበር።

ይህን ሁሉ ነው የወንድሜ ሚስት ፊቴ ቆማ ስትጠብቅ ያሰብኩት። ልጅቷ ነቅታ መነጫነጭ ጀምራለች፤ እናቷ ሳታወርዳት ወገቧን ታወዛውዛለች።

«አንዳንዴ እውነት ይሆን እንዴ እላለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ። «ጸሎት ንቆ ይሆን እንዴ እላለሁ፣ እኔ ራሴ። አብሬው ተኝቼ፣ አብሬው በልቼ፣ እኔ ራሴ።»

መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት አባቴ ገባ። ጎንበስ ብሎ በሩን አልፎ፣ ሁለታችንንም አየና ምን ሆናችሁ አለ። እኔ ምንም አልሆንንም ልል ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ባሌ ለምን ሳይቆም እንደሞተ ንገረኝ እያልኩት ነው፣ አባ። እናንተም ስሙ። ከእናንተ የምደብቀው የለኝም።»

አባቴ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ጥምጥሙን አላወለቀም። እንድናገር የጠበቀበት አጠባበቅ የንስሐ ሰው ሲመጣበት እንደሚጠብቀው ነው፣ መሬት መሬት እያየ። ስንቴ ተዘጋጅቼበት የነበረ ነገር ሲወጣ ጥቂት ቃል ሆነ።

«ነፋሱ አልነበረም፣ አባባ» አልኩት። «እየደረስን ነበር። የተገለበጠችው ስንቆም ነው።»

በትሩን ከጎኑ መደቡ ላይ አጋደመው።

«እናንተ ስትጀምሩ ሁሉም ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ገመዱን ይዤ ተነሳሁ። እሱ ብቻ ነው የተቀመጠው፣ እንዳንሞት ብሎ ነው የተቀመጠው።»

የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አንድ ዓመት ሙሉ የፈለገችው ይህን ነበር፤ እኔ ግን እሷን አላየሁም፣ የማየው የአባቴን እጅ ነበር። ጉልበቱ ላይ ነበር፣ አልተንቀሳቀሰም።

«ያኔ ገመዱ ነው አልከኝ» አለ አባቴ።

«ዋሸኋችሁ።»

«ባልሆነ ነገር ፈታሁህ ማለት ነው።» ይህን ለራሱ ነው ያለው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ዞረ። «ሰምቼዋለሁ፣ ልጄ። ተቀመጡ ሲለኝ ሰምቼዋለሁ።»

የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ፈርቶ መስሎኝ ነው። ጸሎት አይቋረጥም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁበት። ዓመቱን ሙሉ ስቀድስ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ልጄ ናፍቆኝ ነው እል ነበር።»

እሷ ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት። አባቴ በትሩን ተመርኩዞ ተነሳ፤ ለመነሳት ከዚያ በፊት ያልነበረ ጊዜ ወሰደበት። እሑድ ለሰው የሚነግረው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ እኔ እንዳልናገር፣ እሷም ማንንም እንዳትለምን ተናገረ።

«ወዴት ነው አባባ?» አልኩት።

«የደብሩ አለቃ ዘንድ። ለተዝካሩ ሌላ ቀዳሽ ይፈልጉ።»

ተዝካሩ እስኪያልፍ እንኳ ቆዩ፣ የገዛ ልጃችሁ ሙት ዓመት ነው፣ ሁለት ቀን ነው ብዬ ለመንኩት። የሰማኝ አይመስለኝም። የወንድሜ ሚስት አንድ እርምጃ ተከትላው ቆመች። እሱ ጎንበስ ብሎ ከደፉ ወጣ። በራችን መሬት ይነካል፣ ካልተነሳ አይዘጋም። ከውጭ በሁለት እጁ አንስቶ ዘጋው።